የቤት ድንቢጦች የት ሄዱ? ሕንፃ ሲታደስ ለምን ይጠፋሉ?

ጣራስር
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖርበት ሕንፃ ታድሶ አልቋል፣ ጣራው ጠርዝ ስር የነበረው ክፍተት ሁሉ በፎም ተደፈነ፣ ግድግዳው በኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ በሚደረግ ሽፋን) ተሸፈነ፣ ከዛ በኋላ እዛ ይኖሩ የነበሩት ድንቢጦች ጭራሽ ጠፉ። በረንዳዬ ላይ ጥሬ አስቀምጣለሁ፣ ውሃም አለ፣ እርግብ ይመጣል ድንቢጥ ግን የለም። ጎረቤቶቼን ስጠይቅ ግማሹ የኔትወርክ አንቴና ነው ያጠፋቸው ይላል ግማሹ ድመት ጨረሰቻቸው ይላል፣ አብዛኛው ሰው ግን ጭራሽ መጥፋታቸውንም ልብ አላለም፣ እኔን የከነከነኝ እሱ ነው። ይቺ ወፍ እኮ ሌላ ቦታ የላትም፣ ከሰው ጋር ካልኖረች የት ትኖራለች? የሚያውቅ ካለ በደንብ ያስረዳኝ፣ የሚደረግ ነገር ካለ ደግሞ ማድረግ እፈልጋለሁ። ሁለተኛው ብሎክ ገና አልተነካም።

ባዮሎጂ_ሰው
ጥያቄሽ ተገቢ ነው እህቴ። ከሰው ውጪ የት ትኖራለች ላልሽው፣ እውነትም የቤት ድንቢጥ (ፓሰር ዶሜስቲከስ) ከሰው ጋር የተቆራኘችው ገና እርሻ ሲጀመር ነው። በመካከለኛው እስያ ባክትሪያነስ የሚባል ዘሯ አለ፣ እሱ ሰው አይጠጋም፣ ሣር ሜዳና ውሃ ዳር ይራባል፣ ክረምት፣ ማለትም የብርዱ ወቅት፣ ሲመጣ ይሰደዳል። የኛዋ ግን አትሰደድም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የሁለቱን ዘረመል ሲያወዳድሩ የተለያዩት ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ገመቱ፣ በቤቷ ድንቢጥ ላይ ከተለወጡት ቦታዎች አንዱ የራስ ቅልና የምንቁር ቅርፅ ላይ የሚሠራ ዘረመል ነው፣ ሌላው ደግሞ ስታርች ከመፍጨት ጋር የተያያዘው AMY2A የሚባለው ነው፣ ይቅርታ በፊደላችን ልጻፈው፣ ኤ-ኤም-ዋይ-2-ኤ። ውሻም ከሰው ጋር መኖር ሲጀምር የዚሁ ዘረመል ቤተሰብ ነው የተለወጠበት። ማለትም የኛን እህል መብላት ሰውነቷ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ እኛ አኗኗራችንን ስንለውጥ እሷን በቀጥታ ነው የሚነካት፣ ሸሽታ የምትገባበት ጫካ የላትም።

ኤሌክትሮ
ሁሉም እየዞረ ከዋናው ነገር ይሸሻል። አንቴናው ነው። በ2007 ቤልጂየም ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፣ የሞባይል ጣቢያ ጨረር በበዛበት ቦታ ወንድ ድንቢጦች እያነሱ ነው የተገኙት። ሞባይል ስልክ ከመጣ ወዲህ ነው ድንቢጥ የጠፋው፣ ማንም አይቶታል። የ30 ግራም ወፍ ናት እኮ፣ እኛን ራስ ምታት የሚያመን እሷን ምን ያደርጋት?

ሰገነት
@ኤሌክትሮ ወንድሜ ጭንቀትህ ይገባኛል ግን ከሞባይል ወዲህ ነው የጠፋው የሚለው ቁጥሩን ስታየው አያስኬድም። ለንደን ውስጥ ኬንሲንግተን ጋርደንስ የሚባል ፓርክ አለ። በ1925 ማክስ ኒኮልሰን የሚባለው የወፍ ሰው፣ ያኔ ገና ወጣት ነበር፣ ድንቢጦቹን ቆጥሮ 2,603 አገኘ። በ1948 ሲቆጠሩ 885። በ1975 ደግሞ 544። እዚህ ድረስ ማንም ኪሱ ውስጥ ሞባይል አልነበረም። በ1995 46 ቀሩ። በ2000 8። እሱው ራሱ ኒኮልሰን በ90ዎቹ ዕድሜው ላይ ሆኖ የ2000ውን ቆጠራ አይቷል። አስበው፣ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው።

የመጀመሪያው ትልቁ ቅናሽ የፈረስ ነው የሚሉት። ከተማ ሙሉ በፈረስ ሲጓዝ አጃ መንገድ ላይ ይፈስ ነበር፣ ፋንድያው ውስጥም ያልተፈጨ ጥሬ አለ፣ በረቱ ደግሞ ለጎጆ ቀዳዳ ሞልቶታል። መኪና ሲመጣ ያ ሁሉ አበቃ። ይሄ በአሜሪካ ከተሞችም የተጻፈ ነው።

ኤሌክትሮ
@ሰገነት እሺ የፈረሱን ተቀበልኩ እንበል፣ ግን ከ1975 በኋላ ያለው ከ544 ወደ 8 መውረዱስ? ያኔ ፈረስ አልነበረም። ሁለተኛው መውደቅ ሌላ ምክንያት አለው፣ እሱን ነው የምልህ።

ባዮሎጂ_ሰው
@ኤሌክትሮ እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ ሁለተኛው መውደቅ ሌላ ነው፣ ከባዱም እሱ ነው። በብሪታኒያ ብቻ ከ1977 እስከ 2008 ባለው ጊዜ 71 በመቶ ቀንሳለች፣ በ2002 ቀይ መዝገብ ውስጥ፣ ማለትም በጣም የሚያሳስቡ ወፎች ዝርዝር ውስጥ ገባች። በ2021 የወጣው ትልቁ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1980 ወዲህ 247 ሚሊዮን የቤት ድንቢጥ እንዳጡ ነው ያሰላው፣ ከወፎች ሁሉ በቁጥር ትልቁ ኪሳራ የሷ ነው፣ ግማሽ ገደማዋ ሄደ ማለት ነው። ፓሪስ ከ2003 እስከ 2016 ድረስ 73 በመቶ። ግን ልብ በል፣ በገጠርም ቀንሳለች፣ አንቴና በሌለበት፣ ሞባይልም ከመስፋፋቱ በፊት። እዛ ምክንያቱ እርሻው ነው፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ላይ ቃርሚያ እየተተወ ክረምቱን ይመግባቸው ነበር፣ እህል ከብርዱ በፊት፣ አዝመራው እንደተሰበሰበ በመከር መዘራት ሲጀምር ቃርሚያው ጠፋ፣ ጎተራውም ወፍ እንዳይገባው ተደርጎ ተዘጋ። የቤልጂየሙ ጥናት ጨረርና ወፍ አብረው እንደሚታዩ ነው ያሳየው፣ ጨረሩ ገደላቸው አላለም። አንቴና የሚበዛው ሕንፃ በበዛበት ነው፣ ሕንፃ በበዛበት ደግሞ አፈርና ነፍሳት የለም። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

እና አሁን ከተማ ላይ ልምጣ፣ ለኔ የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነው። ድንቢጥ ጥሬ በል ናት ብለን ነው የምናውቃት፣ ትልቋ እውነት ነው። ጫጩቷ ግን ጥሬ አትበላም። ከእንቁላል ከወጣች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያሳድጋት ነፍሳት ብቻ ነው፣ ክሽክሽ፣ አባጨጓሬ፣ ሸረሪት፣ ትናንሽ ጥንዚዛ። ሌስተር በሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ኬት ቪንሰንት የምትባል ተመራማሪ በርካታ የጎጆ ሳጥን ሰቅላ ዓመታት ተከታተለቻቸው። ነፍሳት ባነሰበት ሰፈር ወላጆቹ ዳቦና ጥሬ ወይ ጉንዳን እያመጡ ነበር የሚያበሉት፣ ጫጩቶቹ ብዙዎቹ ጎጆ ውስጥ እንዳሉ በረሃብ ሞቱ፣ የተረፉትም ክብደታቸው ቀላል ስለሆነ ከወጡ በኋላ የመኖር ዕድላቸው ጠባብ ነው። ጎጆው አለ፣ እንቁላሉ አለ፣ እናትና አባቱ ይሠራሉ፣ ምግቡ ነው የሌለው።

ማለዳ
ይሄን ሳነብ ያየሁት ነገር ገባኝ። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ግድግዳ ውስጥ አንድ ጎጆ ነበር፣ ተባዕቱን ሁልጊዜ አየዋለሁ፣ ጉሮሮው ላይ ጥቁር መሐረብ የመሰለ ምልክት ያለው። ጠዋት ጠዋት አንድ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ላይ ይወርድና ቅጠሉን ከስሩ እየገለበጠ ክሽክሹን አንድ በአንድ ይለቅማል፣ አይውጠውም፣ ምንቁሩ ጥግ ላይ ይከምረዋል፣ አረንጓዴ ጭማቂ በምንቁሩ ዙሪያ ይታያል፣ ከዛ ሲበርር ቀጥታ ወደ ቀዳዳው ነው፣ ጫጫታው ከውስጥ ይሰማል፣ ወዲያው ወጥቶ ተመልሶ እዛው ቁጥቋጦ ላይ። ከዛ አንድ ቀን ቁጥቋጦው ተባይ ይዞታል ተብሎ ተረጨ። ተባዕቱ መጥቶ ቅጠሉን መገልበጡን አላቆመም፣ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ሲሄድ ቆይቶ ነው የሚመለሰው፣ የሚያመጣውም ፍርፋሪ ነው። ጫጫታው እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። እኔ ያኔ ወፎቹ ታመው መስሎኝ ነበር።

ጣራስር
@ማለዳ ልቤን ነካሽው። @ባዮሎጂ_ሰው ስለዚህ እኔ በረንዳ ላይ የማስቀምጠው ጥሬ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው? ወይስ ነፍሳት ገዝቼ ላስቀምጥ? የደረቀ ትል የሚሸጥ አይቻለሁ።

ባዮሎጂ_ሰው
ጥሬው ለትልልቆቹ በተለይ በብርዱ ወቅት ይጠቅማል፣ ግን ብቻውን አያድናቸውም። የትሉን ጉዳይ ለንደን ላይ በደንብ ተሞክሯል፣ ግማሹ መንጋ ጥንዚዛ ትል በየቀኑ ሲሰጠው ግማሹ ሳይሰጠው ተነጻጸሩ። ትል ያገኙት ብዙ ጫጩት አሳደጉ፣ እስከዚህ ጥሩ። ነገር ግን የትልልቆቹ ቁጥር አልጨመረም። ይሄ ውጤት ነው እኔን ብዙ ያሳሰበኝ፣ ምክንያቱም ትልቅ ከተማ መሃል ላይ ሌላም የሚገድላቸው ነገር አለ ማለት ነው።

ሰገነት
ያ ሌላው ነገር ቢያንስ በከፊል የወፍ ወባ ሳይሆን አይቀርም። በ2019 የታተመ ነው፣ ለንደን ዙሪያ 11 የድንቢጥ መንጋ ከ2006 እስከ 2009 ተከታትለው ደም ወስደው መረመሩ፣ በአማካይ 74 በመቶዎቹ የወባ ተሕዋስ ይዘዋል። ከ11ዱ ሰባቱ እየቀነሱ ነበር። ዋናው ነገር መያዛቸው አይደለም፣ ተሕዋሱ በደማቸው ውስጥ ምን ያህል በዝቷል የሚለው ነው፣ እየቀነሱ ባሉት መንጋዎች ውስጥ ጥገኛው የበዛባቸው ክረምቱን የማለፍ ዕድላቸው ያነሰ ነው። የሰው ወባ አይደለም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ይሄን አስቀድሜ ልበል ሰው እንዳይደናገጥ። ትንኝ ነው የሚያስተላልፈው። በምግብ እጥረት የተዳከመች ወፍ ደግሞ በሽታን አትቋቋምም፣ ስለዚህ ነገሩ ተያያዥ ነው።

ኤሌክትሮ
ጥናት ጥናት ስትሉ የድምፅስ? ጨረሩን ተዉት፣ የከተማ ጩኸት ራሱ ምንም አያደርጋቸውም?

ባዮሎጂ_ሰው
ያደርጋል፣ ጥሩ ጠየቅክ። ለንዲ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች ከእንግሊዝ ምዕራብ፣ ድንቢጦቿ እያንዳንዳቸው ቀለበት አላቸው፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። እዛ ጄኔሬተር ያለማቋረጥ የሚጮህበት ቦታ የሚራቡት ጫጩቶቻቸው ክብደታቸው ያነሰ፣ ለመጪው ዓመት የሚተርፉትም ጥቂት ሆነው ነው የተገኙት፣ 2012 ላይ ነው የወጣው። የቀረበው ማብራሪያ እናቲቱ የጫጩቶቹን ልመና በጩኸቱ ምክንያት በደንብ ስለማትሰማው ብዙ አትመላለስም የሚል ነው። ተመልከት፣ ምግብ ባለበት ደሴት ላይ እንኳን።

ሩቅ_ማዶ
ትንሽ ልቃወም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ይቺ ወፍ አገር በቀል አይደለችም፣ ሰው ነው ያመጣት፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ብሩክሊን ላይ ነው የተለቀቀችው የዛፍ ትል ትበላልናለች ተብላ። ከዛ አህጉሩን ሞላችው። ብሉበርድ የሚባለውን የአገሬውን ወፍ ከጎጆው ታስወጣዋለች፣ እንቁላሉን ትሰብራለች፣ ትልቁን ወፍ ራሱ ጎጆ ውስጥ ደብድባ ትገድለዋለች፣ ይሄ በፎቶ ያለ ነው። ሕጉም አይጠብቃትም፣ የ1918ቱ የተሰዳጅ ወፎች ሕግ አይሸፍናትም። በ2021 በዓለም ላይ ስንት ወፍ አለ ብለው ሲገምቱ ከዱር ወፎች በቁጥር አንደኛ የወጣችው እሷ ናት፣ 1.6 ቢሊዮን ገደማ። እና እናንተ ከምድር ልትጠፋ ነው ብላችሁ ታለቅሳላችሁ። አዘኔታው ጠፊ ለሆነ ወፍ ቢሆን አይሻልም?

ወፍ_ናፋቂ
@ሩቅ_ማዶ የአሜሪካውን እቀበላለሁ፣ ብሉበርድ ሳጥን ያለው ሰው ድንቢጥን ቢከላከል ትክክል ነው፣ እዛ እንግዳ ናት። ግን እዚህ ማንም ከምድር ልትጠፋ ነው አላለም። ብዙ የነበረ ነገር በግማሽ ሲወድቅ ነው ማንም የማያየው፣ ብዙ ነው እየተባለ። አንተ ያልካት አሜሪካም ውስጥ ቆጠራው በ1966 ከተጀመረ ወዲህ እየቀነሰች ነው፣ እንግዳ በሆነችበት አገር። ይሄ ያሳስበኛል። እኛ በምንኖርበት መንገድ ለመኖር ሰውነቷ የተለወጠ ወፍ እኛው ባለንበት መኖር ካቃታት ሰፈራችን ውስጥ ለሌላውም የጠፋ ነገር አለ። ክሽክሽና አባጨጓሬ ከሌለ ጥፋቱ ድንቢጥ ላይ ብቻ አይቆምም።

ሩቅ_ማዶ
እሱ ነጥብ ይገባኛል። እንግዳ በሆነችበትና አገሯ በሆነበት ቦታ ለይተን እናውራ ነው የምለው።

ታሪክ_ወዳጅ
ከቁጥር ጋር በተያያዘ፣ ድንቢጥ ትጥፋ ተብሎ በአዋጅ የተሠራበት አገር አለ። ቻይና በ1958 በአራቱ ተባዮች ዘመቻ አይጥ፣ ዝንብ፣ ትንኝና ድንቢጥ ይጥፉ ተባለ፣ ሰው ድስትና ከበሮ እየደበደበ ወፎቹ እንዳያርፉ አደረገ፣ ደክመው ከሰማይ እስኪወድቁ ድረስ፣ ጎጆ ፈረሰ እንቁላል ተሰበረ። እዛ የነበረችው በብዛት የዛፍ ድንቢጥ የምትባለው ዘመዷ ናት። ምክንያቱ እህል ትበላለች ነው። ዠንግ ዙኦሺን የሚባለው የወፍ ሊቅ የድንቢጦችን ሆድ መርምሮ ነፍሳትም ብዙ እንደምትበላ ያስረዳ ነበር። በ1960 ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጥታ በቦታዋ ትኋን ገባ። እስከዛ ድረስ ግን ሰብል የሚበሉት ነፍሳት በዝተው ነበር፣ ያኔ ቻይና ውስጥ የደረሰው ረሃብ በብዙ ምክንያት የመጣ ነው፣ ይሄም አንዱ አባባሽ ተደርጎ ይጠቀሳል። እህል የምትበላውንና ነፍሳት የምትበላውን አንድ ወፍ ናት ብሎ ማየት ስላልተቻለ ነው።

እናት_አበባ
ልጆች በጣም ተማርኩ ዛሬ። እኔ የአትክልት ሰው ነኝና የማውቀውን ልበል። ድንቢጥ የምትወደው ቦታ ያልተስተካከለ ቦታ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ትፈልጋለች፣ መንጋው እንዳለ ገብቶ የሚጮህበት፣ ጭልፊት ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ዝም የሚሉበት። ከቁጥቋጦው ሩቅ አይሄዱም፣ ጥሬ ብታስቀምጪላቸው እንኳ ሜዳ ላይ ከሆነ ይፈሩታል፣ በረንዳሽ ላይ የማይመጡት ምናልባት አጠገቡ የሚሸሸጉበት ስለሌለ ይሆናል። ደረቅ አፈርም ይፈልጋሉ፣ ጉድጓድ እየቆፈሩ ላባቸውን በአቧራ ያጥባሉ፣ ሁሉ ነገር ሴራሚክና ኮንክሪት ከሆነ እሱም የለም።

መድኃኒቱን ተዉ። ክሽክሽ ጽጌረዳውን አይገድለውም፣ ትንሽ ያበላሸዋል እንጂ። ከስር የማይታጨድ ሣር አንድ ጥግ ተዉ። የአገሩ የሆነ ቁጥቋጦ ትከሉ፣ ከሩቅ የመጣው ለማየት ቢያምርም ነፍሳቱ ብዙውን ጊዜ አይበላውም። የፕላስቲክ ሣር የሚያነጥፍ ሰው ሳይ እኔ በእውነት አዝናለሁ፣ ስር ያለው አፈር በቃ ሞተ።

ጣራስር
@እናት_አበባ እማማ አመሰግናለሁ፣ እውነትም በረንዳዬ ሜዳ ነው፣ ከፊቱ የነበረው አጥር ተነቅሎ ፓርኪንግ ሆኗል። እስካሁን ጥሬው ላይ ብቻ ነበር ትኩረቴ። አሁን ጎጆውን ንገሩኝ፣ ሁለተኛውን ብሎክ ሊጀምሩ ነው፣ እዛ ጣራ ስር አሁንም ድንቢጥ አለ፣ የሕንፃው ኮሚቴ ደግሞ ስብሰባ ጠርቷል። ምን ልበላቸው?

ግንበኛው
ልጄ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጣራ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝና ይሄን ለኔ ተይው። ድሮ የምንሠራው ቤት ክፍተት ነበረው፣ ጡብና ጣራ የሚገናኝበት፣ የእንጨት ጠርዝ ከግድግዳ የሚርቅበት። ለድንቢጥ ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ይበቃታል። አሁን ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ ሁሉም ይደፈናል፣ መደፈኑ ልክ ነው፣ ነዋሪው ለማሞቂያ የሚከፍለው ይቀንሳል፣ እኔ አልቃወመውም። ስለዚህ ኮሚቴው ፊት ቆመሽ ኢንሱሌሽኑን ተቃውመሽ እንዳትናገሪ፣ ወዲያው ይዘጉብሻል።

የሚባለው እንዲህ ነው፣ ኢንሱሌሽኑ ይሠራ፣ ውጪኛው ሽፋን ላይ ግን የጎጆ ሳጥን አብሮ ይገባ። ግድግዳው ውስጥ የሚቀበር የሳጥን ጡብ አለ፣ ከውጪ ቀዳዳዋ ብቻ ነው የምትታየው፣ በኋላ ላይ ጥገናም አይፈልግም። ስካፎልዲንጉ ቆሞ እያለ ማስገባቱ ርካሽ ነው፣ ከወረደ በኋላ ግን ሌላ ክሬን ነው። የቀዳዳው ስፋት 32 ሚሊሜትር ይሁን። ከመሬት ከሁለት ሜትር በላይ፣ ከቻላችሁ ጣራው ጠርዝ ስር፣ ቀጥታ የቀትር ፀሐይ በማይመታው በኩል፣ አለዚያ ጫጩቶቹ በሙቀት ያልቃሉ። አንድ ሳጥን ብቻ አታድርጉ፣ ድንቢጥ ብቻዋን አትኖርም፣ በመንጋ ነው የምትራባው፣ አጠገብ ለአጠገብ ሦስት አራት አድርጉ።

ባዮሎጂ_ሰው
@ግንበኛው ጋሼ እናመሰግናለን፣ እኔ ልጨምር የፈለግኩትን አብዛኛውን ብለውታል። አንድ ነገር ብቻ፣ ድንቢጥ ሩቅ አትሄድም፣ ወጣቶቹ እንኳ አብዛኞቹ ከተወለዱበት አንድ ሁለት ኪሎሜትር ውስጥ ነው የሚሰፍሩት። ስለዚህ የአንድ ሰፈር መንጋ አንዴ ካለቀ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካው ለረጅም ጊዜ ላይኖር ይችላል። @ጣራስር ያንቺ ሁለተኛ ብሎክ ላይ ያሉት ምናልባት የመጀመሪያውም ብሎክ ዘር ናቸው፣ እነሱ ከተረፉ አንደኛው ብሎክ ላይም ሳጥን ቢሰቀል የሚገባበት አለ። እነሱ ከጠፉ ግን ባዶ ሳጥን ነው የሚሆነው። ለኮሚቴው መንገር ያለብሽ ይሄ ነው።

ማለዳ
ከጎጆ ጋር በተያያዘ አንድ የገረመኝ ነገር፣ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ድንቢጦች የሲጋራ ቁራጭ ጎጆ ውስጥ ያስገባሉ፣ ተመራማሪዎች ሲያዩት የሲጋራው ጥጥ በበዛበት ጎጆ ጥገኛ ተባይ አነሰ፣ ኒኮቲኑ ሳይሆን አይቀርም። ግን የጫጩቶቹን ደም ሴል ሊጎዳ እንደሚችልም ተነግሯል። ከኛ ቆሻሻ መድኃኒት እስከመሥራት ደርሳለች እኮ ይቺ ወፍ።

ወፍ_ናፋቂ
ስለ መመገቢያው ትንሽ ልበል ሰው እንዳይሳሳት። ጥሬ የምታስቀምጡበትን ሳህን ቢያንስ በሳምንት አንዴ እጠቡት፣ ብዙ ወፍ አንድ ቦታ ሲበላ ሳልሞኔላና ትሪኮሞናስ የሚባለው በሽታ ይዛመትባቸዋል፣ ላባዋን ነፍታ ዓይኗን ጨፍና የተቀመጠች ወፍ ካያችሁ ለጥቂት ሳምንት መመገቡን አቁሙ፣ እንዲበታተኑ። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፣ የወፍ ወባ የሚያስተላልፈው ትንኝ በቆመ ውሃ ነው የሚራባው። የጨው ያለበት ነገር አትስጡ። ድመት ያላችሁ ደግሞ ጫጩቶቹ ከጎጆ በሚወጡባቸው ሳምንታት ቤት ውስጥ አቆዩአት፣ የመጀመሪያው ቀን በደንብ አይበርሩም፣ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ወላጆቻቸው አጠገብ ናቸው፣ የጠፉ መስሏችሁ አታንሷቸው።

ሰገነት
አገር አቀፍ ሥራም ይቻላል፣ ለማበረታቻ ያህል። ሕንድ ውስጥ ሙሐመድ ዲላዋር የሚባል ሰው ያቋቋመው ኔቸር ፎርኤቨር ሶሳይቲ በየዓመቱ ማርች 20 የዓለም የድንቢጥ ቀን እንዲሆን ከ2010 ጀምሮ አስጀመረ፣ በ2012 ደግሞ ዴልሂ ድንቢጥን የግዛቷ ወፍ አድርጋ አወጀች። ሰዉ በየቤቱ የጎጆ ሳጥን መስቀል ጀምሯል። ስም መስጠት ብቻውን ወፍ አያሳድግም ግን ሰው እንዲያያት ያደርጋል።

ኤሌክትሮ
እኔ ስለ ጨረሩ ያለኝ ጥርጣሬ አልወጣም፣ ይጠና ነው የምለው። ግን ሳጥኑንና ቁጥቋጦውን ማንም የሚቃወመው አይመስለኝም፣ እኔም ሁለት ሳጥን እሠራለሁ። @ግንበኛው የምን እንጨት ይሻላል?

ግንበኛው
ያልተቀባ ወፍራም እንጨት፣ ሁለት ሳንቲሜትር ውፍረት ይኑረው፣ ቀጭን ከሆነ ፀሐይ ያግለዋል። ኮምፔንሳቶ አትጠቀም፣ ዝናብ ሲነካው ይላቀቃል። ውስጡን ቫርኒሽ አትቀባ። ስሩ ላይ ውሃ የሚወጣባት ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳ ብሳ። ከመግቢያው ፊት ማረፊያ እንጨት አትስካ፣ ድንቢጥ አያስፈልጋትም፣ ለድመት ነው የሚመቸው። ክዳኑ የሚከፈት ይሁን፣ ወቅቱ ሲያልፍ አሮጌውን ጎጆ አውጥተህ በፈላ ውሃ ታጥበዋለህ።

ጣራስር
ከስብሰባው መጣሁ። ኢንሱሌሽኑን አልተቃወምኩም፣ ጋሼ እንዳሉኝ። አንደኛው ሰውዬ ወፍ ግድግዳ ያቆሽሻል አለ፣ ሳጥኑ ከመስኮትና ከበር በላይ አይሆንም አልኩት። ሊቀመንበሯ የልጆች መጫወቻው በኩል ያለው ጎን ላይ ስድስት የሳጥን ጡብ እንዲገባ ተስማማች፣ አጥሩ የነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ ከፓርኪንጉ ጠርዝ ጠባብ መስመር ለቁጥቋጦ ተፈቀደ። ኮንትራክተሩ ግን ሥራው በሚቀጥሉት ሳምንታት ይጀመራል ይላል፣ አሁን ጣራው ስር ሲመላለሱ አያለሁ፣ ሣር ይዘው ሳይሆን በምንቁራቸው የሆነ ነገር ይዘው ነው የሚገቡት። ምን ላድርግ?

ባዮሎጂ_ሰው
ሣር ካልሆነ ትል ነው የያዙት፣ ጫጩት አለ ማለት ነው። እንቁላሉ 12 ቀን ገደማ ይታቀፋል፣ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ጎጆ ውስጥ የሚቆዩት ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ግን ተጠንቀቂ፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይራባሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ከወጡ በኋላ እዛው ቀዳዳ ሌላ እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ። ስለዚህ እነዚህ ወጡ ብለሽ ዝም አትበይ። እንቁላል ወይ ጫጩት ያለበት ጎጆ መዝጋትን በሕግ የሚከለክሉ ብዙ አገሮች አሉ፣ ያለሽበትን ሕግ አጣሪና ለኮንትራክተሩ በጽሑፍ ስጪው።

ግንበኛው
ልጄ ሥራው እንዲቆም አትጠይቂ፣ ቅደም ተከተሉ እንዲቀየር ጠይቂ። ድንቢጥ ያለበትን ጎን መጨረሻ ያድርጉት፣ ስካፎልዲንጉን ከሌላው ጎን ይጀምሩ፣ ለኮንትራክተሩ ምንም ወጪ የለውም። የሳጥን ጡቦቹ የመጀመሪያው ጎን ላይ ቀድመው ይግቡ፣ አሮጌው ቀዳዳ ከመዘጋቱ በፊት አዲሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው። ቀዳዳውን የሚደፍነው ልጅ ከመድፈኑ በፊት መብራት ይዞ ውስጡን ይይ፣ በተደፈነ ማግስት ደግሞ ጠዋት ሄደሽ ቁሚ፣ ድንቢጥ ምግብ ይዛ ግድግዳው ላይ እየተንጠለጠለች ከሆነ ውስጥ ጫጩት ተዘግቶበታል፣ ፎሙ ወዲያው ይቀደድ። ፎም በቢላ ይቆረጣል፣ ከባድ አይደለም። የፎርማኑን ስልክ አስቀድመሽ ያዢ።